ትርፏ ሰከንድ

አንድ ሰዓት ጠባቂ ነበር። ስሙ ይርዳው ይባላል። የሚሠራው ከከተማው ዳር ባለች ኮረብታ ላይ፣ ሰዉ «ሰዓት ቤት» በሚለው ግቢ ውስጥ ነው። ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ተራ ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ትልቅ ሰዓት እንኳ የለውም። ውስጡ ግን ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ። የከተማዋ ማሽኖች ሁሉ ሰዓት የሚጠይቁት እነዚህን ሁለቱን ነው።

የማሽን ነገር እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር በሆዱ የራሱ ሰዓት አለው። ያ ሰዓት ግን ብዙ አይታመንም፤ ብቻውን ከተተወ ወይ ትንሽ ይቀድማል፣ ወይ ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ በየጊዜው ወደ ሰዓት ቤት «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ይልካል፤ መልሱን ሰምቶ ራሱን ያስተካክላል። ባንኩ ይጠይቃል፣ ሆስፒታሉ ይጠይቃል፣ ባቡሮቹ ይጠይቃሉ። ሰዓት ቤቱም ሳይሰለች ለሁሉም ይመልሳል።

መላሾቹ ሁለት የሆኑት አንዱ ቢታመም ሌላው ሥራውን እንዲሸፍን ነው። አንደኛውን የሚጠብቀው ይርዳው ነው። ሁለተኛውን የሚጠብቁት ጋሽ ዘውገ ናቸው፤ ይርዳውን ሥራውን ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ጠያቂ ማሽን ከሁለቱም ይጠይቃል። ሁለቱ አንድ ቃል ከተናገሩ ያምናል።

አንድ ቀን ሰማይ ከሚያጠኑ ሰዎች መልእክት መጣ። ምድር ስትዞር ሁልጊዜ እኩል አትዞርም፤ አንዳንዴ ትዘገያለች። ሰው የሠራው ሰዓት ግን መዘግየት አያውቅም። ልዩነቱ እየተጠራቀመ ሄዶ ሰዓቱ ፀሐይን ጥሏት እንዳይሄድ፣ በዓመታት ውስጥ አንዴ አንዲት ሰከንድ ትጨመራለች። መልእክቱም በመጪው ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አንዲት ሰከንድ ጨምሩ የሚል ነበር።

አንዲት ሰከንድ ለሰው ምንም አይደለችም። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ታልፋለች። ለማሽን ግን ጭንቅ ናት። ማሽን አንድ ደቂቃ ስልሳ ሰከንድ ነው ተብሎ ተነግሮታል፤ ከዚያ የተረፈች አንዲት ስትመጣበት የት እንደሚያስቀምጣት አያውቅም።

ሰከንዷን ማስገቢያ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጋሽ ዘውገ የኖሩበት መንገድ ነው። ጊዜዋ ሲደርስ ሰዓቱን ለአንዲት ሰከንድ ያቆሙታል፤ ትርፏ ሰከንድ በግልጽ፣ በአንድ ጊዜ ትገባለች። ሁለተኛው ይርዳው የወደደው አዲሱ መንገድ ነው። ከዋዜማው ጀምሮ እያንዳንዷን ሰከንድ በማይታወቅ መጠን ይለጥጧታል። ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ እየገባች፣ ሲነጋ ትርፏ ሰከንድ ማንም ሳያያት ገብታ አልቃለች።

በዚህ ነገር ሁለቱ ጠባቂዎች ተከራከሩ። ይርዳው ባለፈው ጊዜ የሆነውን አነሣ። ያኔ ሰከንዷ ድንገት ስትገባ የአንድ ሕንፃ ሊፍት ግራ ተጋብቶ በሁለት ፎቅ መሃል ቆሞ ነበር።

«የሊፍቱን ነገር ረሱት ጋሽዬ?»

«አልረሳሁም። ውስጡ የነበረችው ባለቤቴ ናት። እስካሁን ታነሣብኛለች።»

«እንግዲያው በጥቂት በጥቂቱ እናሳልፋት። ማንም ሳይሰማው ብታልፍ ማን ይጎዳል?»

«ሰከንዷ አለች፣ ይርዳው። ያለ ነገር አለ ተብሎ ነው የሚነገረው። የሚደነግጥ ይደነግጣል፣ ከዚያ ይነሣል።»

«የማይነሣስ?»

ይርዳው የተናገረው ስለ ማሽን ብቻ እንዳልሆነ ለጋሽ ዘውገ ገባቸው። በዚህ በሐዘኑ ሰሞን ይርዳውን መጫን አልፈለጉም። «እስቲ እናያለን» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ይርዳው እሺ ያሉት መሰለው። ጋሽ ዘውገም ሲያስብበት ይተወዋል አሉ። ደግሞ የጠየቀ የለም። ታናሽ ታላቁን አልነዝንዝም ብሎ፣ ታላቅ ደግሞ ሐዘንተኛ አላስቀይምም ብሎ፣ ነገሩ በእንጥልጥል ቀረ።

ሐዘኑ ይህ ነው። ይርዳውና ባለቤቱ አስካለ ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ትልቋ ትርሲት ናት፤ የወተት ጥርሷ የሚወልቅበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች። ታናሽየው ኪሩቤል ነበር፤ ኪሩ ይሉታል። ገና መሮጥ የጀመረ፣ እህቱ የምትለውን ቃል ሁሉ ከኋላዋ እየተከተለ የሚደግም ልጅ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ትኩሳት ያዘው። በሽታው እንዳይተላለፍባት ትርሲትን ወደ አክስቷ ቤት ላኳት። ስትመለስ ድንኳኑ ተነቅሏል፣ የተከራዩት ወንበሮች ሄደዋል፣ ወንድሟ የለም።

የሕፃን ለቅሶ አጭር ነው። ሰው መጣ፣ ተቀመጠ፣ «ይተካችሁ» ብሎ ሄደ። ከመሃላቸው ክፉ ሰው አልነበረም። ይርዳው ግን ይህን ቃል በሰማ ቁጥር ልጁ እንደተሰበረ ብርጭቆ የተቆጠረበት ይመስለው ነበር።

ትርሲት በተመለሰች ዕለት መጀመሪያ የጠየቀችው እናቷን ነው። አስካለ በግልጽ ነገረቻት። ኪሩ ሞቷል፣ አይመለስም አለቻት። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ልጁ ከአፏ ቃል አልወጣም።

ልጅቷ ወደ አባቷ ሄደች። ይርዳው ዓይኗን ሲያይ አንጀቱ አልችል አለው። በአገሩ መርዶ በድንገት አይነገርም። ሰውየው እስኪዘጋጅ ይጠበቃል፤ ትንሽ አሟቸዋል፣ ትንሽ ጠንክሮባቸዋል ይባላል፤ ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሰዎች ተሰብስበው ደጅ ያንኳኳሉ። እሱም እንደዚያ ሊያደርግ አሰበ። መጀመሪያ ኪሩ ሐኪም ቤት ነው አላት። ቆይቶ አየሩ ስለሚስማማው አያቱ ጋ ሄዷል አላት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ትንሽ ሳይቆይ አይቀርም አላት። በጥቂት በጥቂቱ እያራቀው፣ ሳትደነግጥ እውነቱ ላይ እንድትደርስ ነበር ሐሳቡ። የምትደርስበትን ቀን ግን ለራሱም አልወሰነም ነበር።

ባልና ሚስቱ በዚህ ነገር አልተነጋገሩም። አንዱ ሌላው በሌለበት የየራሱን መልስ ሰጠ። ትርሲት ለጥቂት ጊዜ ከእናቷ ወደ አባቷ፣ ከአባቷ ወደ እናቷ ተመላለሰች። ከዚያ መጠየቅ ተወች።

ይርዳው እየረሳች ነው ብሎ ቀለል አለው። አለመርሳቷን የሰማው ከጎረቤት ነው። ጎረቤቱ ወይዘሮ ሽታዬ በአጥሩ በኩል ጠርተው፣ ልጅቷ ለሰፈሩ ልጆች የነገረቻቸውን ነገሩት። የላይኛው ጥርሴ ሲወልቅ ኪሩ ይመጣል ብላቸዋለች። ማን ነገራት? ማንም አልነገራትም። ከራሷ ነው ያወጣችው። ጥርሱም መነቃነቅ ከጀመረ ቆይቷል፤ ትርሲት ቀኑን ሙሉ በምላሷ ትገፋዋለች። ከምሳዋም ጥቂት ቀንሳ፣ የኪሩ ነው ብላ፣ በሰሃን ከድና ታስቀምጣለች።

ከዚያ በኋላ ልጁ ስትስቅ ጥርሷን ማየት የይርዳው ልማድ ሆነ። ያ ጥርስ የወለቀ ቀን ምን እንደሚላት አያውቅም። ሰሞኑን ደግሞ አፏን ገጥማ መሳቅ ጀምራለች፤ ጥርሷን ማየት አልቻለም።

እሑድ ደረሰ። የሰከንዷ ዋዜማ ነው። ይርዳው ጠዋት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ መለጠጡን ጀመረ። ከግድግዳው ማዶ ጋሽ ዘውገ የሳቸውን ሰዓት እንዳለ ተዉት፤ የሳቸው ሰከንድ የምትገባው ነገ ጎህ ሲቀድ ነው። ሁለቱም ሥራቸውን በጥንቃቄ ሠሩ። በሥራው አንዳቸውም አልተሳሳቱም። አብረው ሻይ ጠጡ፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት አወሩ፣ ስለ ሰከንዷ አላወሩም።

ቀኑ እየገፋ ሲሄድ የሁለቱ መልስ በትንሽ በትንሹ ተራራቀ። ሰው ቢሆን አይታወቀውም ነበር፤ ማሽን ግን ያውቃል። ከቀትር በኋላ ስልኩ ጮኸ። የደወሉት የባቡር ጣቢያው ኃላፊ ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ።

ይርዳው ነገራቸው።

«ይኼ ያንተ ነው። የጋሽ ዘውገስ?»

ይርዳው ጥያቄው አልገባውም። ወይዘሮ ደብሪቱ አስረዱት። ባቡሮቹ በየመንገዱ ቆመዋል። አንድ ሙሽራ ከነሚዜዎቹ ድልድይ ላይ ቀርቷል፤ ሚዜዎቹ በባቡሩ ውስጥ እየጨፈሩ ነው፣ ሙሽራው ግን ላብ በላብ ሆኗል፣ የሙሽሪት አባት ደግሞ ጣቢያው ውስጥ ከሳቸው ጋር ሊጣላ ነው።

«ተበላሽተው ነው?» አለ ይርዳው።

«ምን ይበላሻሉ። ሁለታችሁን ይጠይቃሉ፤ ሁለታችሁም የየራሳችሁን ትነግሯቸዋላችሁ። ማንን ይመኑ? ስለዚህ እናንተን መጠየቅ ትተው እያንዳንዱ በሆዱ ባለው ሰዓት መሄድ ጀመረ። እኔ ደግሞ ሁለት ባቡር በየራሱ ሰዓት አንድ ሐዲድ ላይ አልለቅም። አቆምኳቸው።»

ይርዳው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቀረ። የሚነገረው ስለ ባቡር ነው። እሱ ያየው ግን ትርሲትን ነው፤ በምላሷ ጥርሷን ስትገፋ፣ ቁራሽ እንጀራ በሰሃን ስትከድን።

ወደ ጋሽ ዘውገ ክፍል ገባ።

«ለጥጠኸዋል እንዴ?» አሉት።

«እርስዎስ አልለጠጡም?»

«እናያለን አልን እንጂ መቼ ተስማማን?»

«እኔ እሺ ያሉኝ መስሎኝ።»

«እኔም የተውከው መስሎኝ» አሉና ጋሽ ዘውገ መነጽራቸውን አወለቁ። «አየህ፣ ማናችንም አልዋሸንም። ሁለታችንም ነን ግን ያሳሳትናቸው።»

ብዙ አልተከራከሩም። ጋሽ ዘውገ የሳቸውን ኮምፒውተር ከመልስ ሰጪነት አወጡት። ይርዳው ለምን የሳቸውን እንደመረጡ ጠየቃቸው። ያንተ ጀምሯል አሉት፤ መንገድ የጀመረን ነገር ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ ማስደንገጥ ነው። ከዚያ በኋላ ለሚጠይቅ ሁሉ የሚመልሰው አንድ ድምፅ ብቻ ሆነ። ማሽኖቹ ጥቂት ጊዜ አመነቱ። ቆይተው እንደገና መጠየቅ ጀመሩ፤ ባቡሮቹም አንድ በአንድ ተነሡ። ወይዘሮ ደብሪቱ ደውለው ሙሽራው መድረሱን፣ ሚዜዎቹ ግን ድምፃቸው መዘጋቱን ነገሯቸው።

ይርዳው ሊወጣ ሲል ጋሽ ዘውገ ጠሩት።

«ሲነጋ ይደርሳል?»

«ምኑ?»

«መለጠጡ። ሰከንዷን ሙሉዋን ሰጥቶ ያበቃል?»

«ያበቃል። ሳያበቃ ከቀረማ ሰዓቱ እንደተሳሳተ ሊኖር ነው።»

ጋሽ ዘውገ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይርዳው ኮረብታውን ሲወርድ መንገዱን ሙሉ የራሱን መልስ ሲሰማ ሄደ።

ቤት ሲደርስ ገና አልመሸም። አስካለ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ትርሲት ከአጥሩ ማዶ ከልጆች ጋር ናት። ይርዳው ከአስካለ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ትርሲትን ምን እያልኳት እንደቆየሁ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። አያቱ ጋ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንተስ የነገርኳትን ለምን አፈረስክብኝ?»

ድምፅዋ የጠብ አልነበረም። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

«አንድ ጊዜ ነገርኳት» አለች። «በማግስቱ ደግማ ስትጠይቀኝ አፌ እምቢ አለኝ። ወደ አንተ እንደምትሄድ አውቅ ነበር። አንተ የምትላትን በበሩ በኩል እሰማለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ስሰማው እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ለትንሽ ጊዜ አያቱ ጋ ያለ ይመስለኛል።»

ይርዳው በለቅሶው ሰሞን አላለቀሰም። ሰው ጠንካራ ነው ብሎት ነበር። አሁን እዚያ ድንጋይ ላይ፣ ሚስቱ ትከሻ ላይ ግንባሩን ጥሎ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። ኪሩ ከሞተ ወዲህ አብረው ሲያለቅሱለት የመጀመሪያቸው ነው። ምስሩ ፈሰሰ፤ ለቀሙት። እየለቀሙም ተስማሙ። አንድ ቃል ይሆናል፣ ከሁለቱም አፍ ይወጣል፣ ሲነጋ ይነገራል።

ጎህ ሲቀድ፣ ኮረብታው ላይ ትርፏ ሰከንድ ገብታ በምታልቅበት ሰዓት፣ ሁለቱ የትርሲት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ነቅታለች።

«ትርሲት» አለ ይርዳው። «ኪሩ አያቱ ጋ አይደለም። ኪሩ ሞቷል። እማዬ የነገረችሽ ነው እውነቱ። እኔ ሌላ ነገር ያልኩሽ ስለፈራሁ ነው።»

«አይመለስም» አለች አስካለ። «ስለሱ በጠየቅሽን ጊዜ ሁሉ ግን እንመልስልሻለን። ሁለታችንም።»

ትርሲት እናቷን አየች። አባቷን አየች። ሁለቱን እያፈራረቀች ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ እጇን ትራሷ ሥር ሰደደችና የታጠፈች ጨርቅ አወጣች። ስትፈታት ውስጧ አንዲት ትንሽ ጥርስ ነበረች።

«ሐሙስ ነው የወለቀችው» አለች። «አልመጣም።»

ለማንም ሳትናገር፣ አፏን ገጥማ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ብቻዋን ይዛት ነበር።

እናቷ ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። ልጅቷ አለቀሰች፤ ከልቧ ነው ያለቀሰችው፣ የጠበቀችው ሰው እንደቀረባት ልጅ። ሲበርድላት ጥርሷን ጣሪያ ላይ እንዲወረውሩላት ጠየቀች፤ ልጆች ሁሉ የሚያደርጉት ነው። ሦስቱም ወጡ። ይርዳው ትከሻው ላይ አወጣት። ጥርሷ ቆርቆሮው ላይ ቀጭ ብላ አርፋ፣ ጥቂት ተንከባላ ቆመች።

ትርሲት በማግስቱም ጠየቀች፤ በሌላውም ቀን። አንዴ እናቷን፣ አንዴ አባቷን፣ አንዳንዴም እንደምትፈትናቸው ሁሉ ሁለቱን በየተራ። መልሱ አንድ ነበር። ቆይታ ከምሳዋ ቀንሳ ማስቀመጥ ተወች። ከዚያም አንድ ቀን ጥያቄው ተለወጠ፤ ኪሩ የኔን ስም ሲጠራ እንዴት ነበር የሚለው ብላ ጠየቀች። ይርዳው እንደ ኪሩ አድርጎ ጠራት። ልጁ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት እንዲያ ተስቆ አያውቅም ነበር።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ይህ ነው። ሐዘን ትርፍ ሰከንድ ናት፤ በቆጠርነው ቀን ውስጥ ቦታ የላትም፣ ግን መጥታለች፣ መግባትም አለባት። አንዱ በአንድ ጊዜ ያስገባታል፤ ሌላው ቀስ እያለ። ሁለቱም መንገድ ነው፤ ማንም በመንገዱ አይወቀስ። ነገር ግን ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው የሚደርስበት ንጋት ይኑረው፤ የማይደርስ ከሆነ እያባበለ ሳይሆን እየዋሸ ነው። በአንድ ጊዜ የተናገረም ሰው ደግሞ አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ ብሎ በሩን አይዝጋ፤ ሰዓት በየጊዜው ይጠየቃል። ሁለት ሆነው ለአንድ ልጅ የሚመልሱ ደግሞ አስቀድመው እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ። ትንሽ ናት ተብላ የምትጣል ሰከንድም የለችም፤ ሰዓቱ ከፀሐይ ጋር የሚታረቀው እሷ ስትቆጠር ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትህ ውስጥ መጠየቅ የተወ ሰው አለ? የተወው ረስቶ ነው ወይስ ሁለት መልስ ሰምቶ?